አምስተኛዋ ብሎን

ልጅ ሳለሁ የጎባ ጉም ሳያንኳኳ ቤት የሚገባ ዘመድ ይመስለኝ ነበር። በሩ ሲከፈት ቀድሞን ይገባል፤ አልጋ ሥር ይተኛል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደህና ዋሉ ሳይል ውልቅ ይላል። አያቴን፣ አባባ ኃይለየሱስን፣ ባሰብኩ ቁጥር ከዚያ ጉም ውስጥ ነው የሚመጡልኝ። ግቢያችን ካለው የኮሶ ዛፍ ሥር ቁርበት ላይ ተቀምጠዋል፤ ጭናቸው ላይ ያ ረጅም ምንሽር ጠመንጃ ተጋድሟል። መጀመሪያ አፈሙዙ ይታያል፤ ቀጥሎ ጉልበታቸው፤ ቀጥሎ ማንኪያው።

ማንኪያ ስል የእውነት ማንኪያ ነው። አባባ ካቻቪቴ ላይ ቂም ነበራቸው። የተሰበረ ማንኪያ እጀታ ድንጋይ ላይ ስለው ስለው ጫፉን ስስ አድርገውታል፤ የጠመንጃው ብሎን የሚጠብቀው በእሱ ብቻ ነው። «ካቻቪቴ ጉልበተኛ ነው፣ የብሎኑን አናት ይበላዋል» ይሉኛል። «ይሄ ግን ሲበቃው ራሱ ያንሸራትታል። ማጥበቅ ማለት ማነቅ አይደለም፣ ልጄ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥምቀት አልፎ በጋው ሲበረታ የጠመንጃው እንጨት ይደርቃል። ሲደርቅ ይከሳል። እንጨቱ ሲከሳ ብረቱ ይላላል። አፈሙዙን ከእንጨቱ ጋር አቅፈው የያዙት ሁለት የብረት ቀለበቶች፣ ጠመንጃው በተነካ ቁጥር ቅጭል ቅጭል ማለት ይጀምራሉ። ስለዚህ በየዓመቱ ጥር ላይ አባባ ከግድግዳው ያወርዱትና ያጠብቁታል። ብሎኑ አምስት ነው፤ ሁለቱ ቀለበቶቹ ላይ፣ ሁለቱ ሰደፉ ላይ፣ አንዱ ማንገቻው የሚታሰርበት ላይ። አንድ በአንድ ያወጧቸዋል፣ በጨርቅ ይጠርጓቸዋል፣ ቅባት ያስነኳቸዋል፣ ይመልሷቸዋል። ብሎኖቹን በስኒ ማስቀመጫ የምይዘው እኔ ነኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ሶሲ ይሉኛል፤ በዚያ ሹመቴ ኩራቴን ማንም አይችለውም።

«አንድ» ይላሉ። «አንድ» እላለሁ። ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፣ ወደ ግራ ሲዞር ይላላል። ቀኝና ግራ ስለሚምታታብኝ ደረቴን በጣታቸው ነካ እያደረጉ ያስተምሩኛል፤ «ግራ ማለት ልብሽ ያለበት ነው። በልብ በኩል ሁሉም ነገር ይላላል።» አምስት ስንል ጠመንጃውን ጆሮዬ አጠገብ ያመጡና ይነቀንቁታል።

«ሰማሽ?»

«ምንም አልሰማሁም።»

«እሱን ነው የምልሽ!» ብለው ይስቃሉ።

የዚያን ዓመት ጥር ግን አልሳቁም። ከሆስፒታል በተመለሱ በሳምንቱ ነው። እሳቸውም እንደ ጠመንጃው እንጨት ከስተዋል፤ የጣታቸው ቀለበት እየወለቀ ስላስቸገረ እማዬ ክር ጠቅልላበታለች። ያንን ሰሞን ደግሞ ሂካ መጣ።

ሂካ የሪራ ሰው ነው። የሳነቲን ተራራ አቋርጦ ማር ይዞልን ይመጣል። ያኔ ሠላሳ ቢሆነው ነው፤ ረጅም፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ። ከነሰፈፉ ቆርሶ ይሰጠኛል፤ እኔም ሰፈፉን እስከ ማታ አኝከዋለሁ። «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ» ይለኛል፤ ነይ፣ ልጄ ማለቱ ነው። ሳገባ እሱን ነው የማገባው ብዬ ለእማዬ ነግሬያት ነበር። አባባ እሱ ሲመጣ የሚቀመጡት ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጠመንጃ ከሚታይበት ቦታ ነው። ሂካም ያየዋል። አይነካውም። ያንን አስተያየት ያኔ አልወደድኩትም፤ ሰው የራሱን ነገር ሰው ቤት ሲያይ እንደዚያ እንደሚያይ አላውቅማ።

በዚያ ቀን ሁለቱ ኮሶው ሥር ተቀምጠው በኦሮምኛ ተነጋገሩ። የእኔ ኦሮምኛ የጨዋታ ኦሮምኛ ነው፤ ነይ፣ ሂጂ፣ ውሃ፣ ኳስ። የእነሱ ግን ፈጠነብኝ፤ ከዚያም ጮኸብኝ። አባባ በከዘራቸው መሬቱን ይመታሉ። ሂካ ብድግ ይላል፣ ይቀመጣል፣ እንደገና ብድግ ይላል። በመጨረሻ ማሩን በር ላይ አስቀምጦ ሄደ። እህል ሳይቀምስ! እኛ ቤት እህል ሳይቀምስ የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም። ተጣሉ ማለት ነው አልኩ።

ከሰዓት በኋላ እማዬ አባባ እግር ሥር ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት። እማዬ፣ እታለማሁ፣ በቀላሉ የምታለቅስ ሴት አይደለችም።

«አባዬ፣ በእመቤቴ፣ ለዘንድሮ እንኳ ይቆይ። ለቅሶው ላይ ምን ይዤ ልቁም? ባዶ እጄን?»

«ከዘራዬን ያዢ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የፈለገውን ይበል። እኔ በዚህ ነገር እንቅልፍ ካጣሁ ሠላሳ ዓመቴ ነው። ሂካ አርብ እንዲመጣ ልኬበታለሁ፤ ሳልጨርስ አልሞትም።»

እዚህ ላይ ስለ ባሻ ፍቅረሥላሴ ካልነገርኳችሁ አትረዱኝም። ጎረቤታችን ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሞቱ ዕለት እማዬ እጄን ይዛ ለቅሶ ወሰደችኝ። ግቢው ሰው ብቻ ነው። አንዷ ሴት የባሻን ካፖርት አቅፋ ታለቅሳለች፤ ልጃቸው ደግሞ ጠመንጃቸውን አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ሕዝቡ መሃል ይዞራል። ሰው ጠመንጃውን ባየ ቁጥር ወዮ ይላል። የወንድ ለቅሶ በእኛ ዘንድ እንደዚያ ነው፤ ሟቹ በሌለበት ጠመንጃው ይቆምለታል። ይህንን ግን ማን ነገረኝ? እኔ በስድስት ዓመቴ ያየሁት ግልጽ ነው። ጠመንጃው ከግድግዳው ወረደ፣ ባሻም ሞቱ። በቃ፤ ጠመንጃው ገደላቸው።

እንግዲህ አሁን የእኛም ጠመንጃ ወርዷል። አባባ ተቆጥተዋል። ሂካ አርብ ይመጣል። እማዬ ስለ ለቅሶ እያወራች ታለቅሳለች። አባባ ሂካን ሊገድሉት ነው!

ጠመንጃው ጥይት የጎረሰው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሆነ እንኳ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። ቤታችን ውስጥ አንድ ጥይት አልነበረም። ማን ይንገረኝ? እኔም ማንንም አልጠየቅኩም፤ እንደ ልጅ ምስጢር የሚጠብቅ የለም።

ሐሙስ ዕለት አባባ አምስቱንም ብሎን አጠበቁ። አቅም ስላነሳቸው ማንኪያው ከብሎኑ አናት ይንሸራተታል፤ ይሰድባሉ፣ ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ሲጨርሱ ደከማቸውና እዚያው ቁርበቱ ላይ፣ ፀሐይ ፊታቸው ላይ እንዳለች፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው። የኮሶው ጥላ በዝግታ ይሄዳል። የሚሰማው የንብ ድምፅና የእሳቸው ትንፋሽ ነው። ያቺ ከሰዓት አሁንም ድረስ በሕልሜ ትመጣለች፤ በሕልሜ ፀሐይዋ አትጠልቅም፣ አባባም አይነቁም።

ማንኪያውን አነሳሁ። የፊተኛውን ቀለበት መረጥኩ፤ አፈሙዙን የያዘው እሱ ስለሆነ፣ እሱ ከላላ ጠመንጃው አይሠራም ብዬ። ደረቴን በጣቴ ነካሁ፤ ልብ ያለበት በኩል። በሁለት እጄ ይዤ ወደዚያ አዞርኩ። እንዴት እሺ እንዳለኝ! በእጅ አቅም ብቻ የጠበቀች ብሎን ናትና ሦስት ዙር ከዞረች በኋላ በጣቴ ወጣች። ከጥፍሬ ብዙም አትበልጥም። ማንኪያውን ቦታው መለስኩ፣ ብሎኗን ቀሚሴ ጠርዝ ውስጥ ከተትኳት፣ ሂካን አዳንኩት፣ አባባንም ከእስር ቤት አዳንኳቸው።

አርብ ጠዋት ጉሙ እንደገና ቤት ገባ። እማዬ ቀሚሴን ልታጥብ አስወለቀችኝ፤ ቀደም ብዬ ብሎኗን አውጥቼ ነበርና የማኖርበት ሳጣ አፌ ውስጥ ከተትኳት። የቅባትና የብረት ጣዕም አለው። ምራቄን መዋጥ እፈራለሁ። እንደዚያ እንዳለሁ ሂካ ገባ።

አባባ ኮታቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመው ጠበቁት። ጠመንጃውን ከጥግ አንስተው፣ እንደ ልማዳቸው፣ ጆሯቸው አጠገብ ነቀነቁት።

ቅጭል።

ፊታቸው ልውጥ አለ። በጣታቸው ብሎኖቹን ዳበሱ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እንደገና ከአንድ ጀመሩ። «እታለማሁ! አምስተኛዋ የለችም!» እማዬ ሮጣ ወጥታ ቁርበቱን አራገፈች፤ ሂካ ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ አበጠረ። አባባ በሩን ተደግፈው «ሠላሳ ዓመት» ይላሉ፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልጎደለች። ዛሬ? ዛሬ ትጉደል?» ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ።

«ሶሲዬ፣ አይተሻታል?»

አፌን ከከፈትኩ ትወድቃለች። ራሴን ነቀነቅኩ፤ አላየሁም። ጠጋ ብለው ጎንበስ አሉና ጉንጬን በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉ። ወደዱኝ ብዬ ፈገግ አልኩላቸው፣ ከንፈሬን ገጥሜ።

«እሺ» አሉ። «በቃ፣ መፈለግ ይቅር።»

ከነጠላቸው ጥለት ክር መዘዙ፣ የላላውን ቀለበት ጠምጥመው አሰሩት፣ ሂካን ተደግፈው ወደ ውጭ በር ሄዱ። ጉሙ ውስጥ ሁለት ጥላ ሆነው ቆመው ሲያወሩ አያለሁ፤ የሚሉት አይሰማም። ተኩሱን እየጠበቅኩ ጆሮዬን ይዣለሁ። ተኩስ የለም። ሂካ ጠመንጃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ሕፃን እንደያዘ ሰው በሁለት እጁ አቅፎ፣ እያለቀሰ ሄደ። በመዳኑ ደስ ብሎት ነው አልኩ። ብሎኗን ተፋኋትና በሳቅ ሞትኩ።

ሁለት ወር ሙሉ ጀግና ነበርኩ። ከዚያ አባባ ፋሲካን ሳያዩ ሞቱ።

ለቅሶው ላይ እማዬ ከዘራቸውን ይዛ ቆመች። ሰው ይንሾካሾካል፤ «ምንሽሩስ? ሸጡት እንዴ?» እኔ ግን የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱም አልገባኝም። ጠመንጃው ቤት ውስጥ የለም። ሪራ ነው ያለው። ታዲያ አባባ እንዴት ሞቱ? የማውቀው ነገር ሁሉ በዚያ ቀን ፈረሰ። ከለቀስተኛው መሃል ሂካን አየሁት። እኔን በዓይኑ ሲፈልግ እማዬ ቀሚስ ውስጥ ተደበቅኩ።

እውነቱን እማዬ የነገረችኝ በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። ጠመንጃው የአባባ አልነበረም። አባባ ድሮ ጎባ በነበረው የባሌ ጠቅላይ ግዛት ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሳሉ የሂካ አባት ሮቤራ ወዳጃቸው ነበር፤ አቤቱታ ሲጽፉለት ነው የተዋወቁት። በዚያ የባሌ ሁከት ዘመን መንግሥት ከሕዝቡ ጠመንጃ ሲለቅም፣ አንድ ጠዋት ሮቤራ ምንሽሩን በማገዶ ሸክም ውስጥ ሸሽጎ አምጥቶ «አደራ» አላቸው። «እንደሰጠኸኝ እመልስልሃለሁ» አሉት። ሮቤራ አልተመለሰም። ሲሞት ሂካ ገና ይድህ ነበር፤ ከአባቱ የቀረው ነገር ያ ጠመንጃ ብቻ ነው። እና አባባ በየዓመቱ የሚያጠብቁት ለዚያ ነበር። አደራ ተቆጥሮ እንደተሰጠ ተቆጥሮ ይመለሳል። ሰፈር ሁሉ የእሳቸው ነው ብሎ ቢያምንም እሳቸው አንድ ቀን የእኔ ነው ብለው አያውቁም።

«አባዬ አንዷ ብሎን ጠፍታበት» አለች እማዬ፣ «ጎዶሎ አደራ መልሶ አንጀቱ አርሮ ሄደ።»

እውነቱን አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ? ባለፈው ዓመት እስክትሞት ድረስም አልነገርኳትም። አደራ በላ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ፤ ያንን ብሎን በክር ቆርቆሮ ውስጥ ደብቄ ኮሌጅ ገባሁ፣ አገባሁ፣ ሮቤ አስተማሪ ሆንኩ። ሪራ ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት የወጣ ለምሳ ይደርሳል። እኔ ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ።

ያስነሳችኝ ልጄ ሀይሚ ናት። ሁለት ዓመቷ ነው። ባለፈው ጥር ልብስ ስሰፋ ዘወር ባልኩበት ቆርቆሮውን ገልብጣ፣ ዞር ስል ጉንጯ አብጧል። ብሎኗ እንደሆነች አወቅኩ። ልጮህ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ከደነገጠች ትውጣታለች። ተንበርክኬ፣ እየሳቅኩላት፣ «እስቲ ለእማ ስጪ» አልኳት። እ ብላ ምላሷ ላይ አወጣችልኝ። ተቀበልኳትና መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅኩ። ቅዳሜ ሪራ ሄድኩ።

ሳነቲ ላይ ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች ጉም ውስጥ ቆመዋል፤ መኪናው መሃላቸው ሲያልፍ በእንቅልፍ ልቤ የምሄድ መሰለኝ። ከዚያ ቁልቁል ሀረና ጫካ ውስጥ ገባን፤ ሙቀቱ መጣ፣ የማር ሽታ መጣ። ያ ጎረምሳ ዛሬ አንቱ የሚባል ሽማግሌ ነው። በራቸው ላይ ቆሜ ስሜን ሳልናገር ገና፣ ዓይናቸው በሳቅ ጠፋ።

«ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። «አመጣሽልኝ?»

እጄን ዘረጋሁ። ብሎኗ መዳፌ ላይ ናት። «ጋሽ ሂካ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እኔ ነኝ የሰረቅኳት። አባባ ይገድሉዎታል ብዬ ነው።»

«ይገድሉኛል?» አሉና ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «ያን ዕለት የጮህነው እኮ ውሰድ ሲሉኝ አልወስድም ብዬ ነው። ከወሰድኩት የሚሞቱ መሰለኝ። እኔም ያኔ እንዳንቺ የልጅ ሐሳብ ነበረኝ።»

ገብተው በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን ይዘው ወጡ። ከፊተኛው ቀለበት ላይ የአባባ ነጠላ ክር አለ፤ ቀለሙ ለቋል፣ ግን አልተፈታም።

«እዚያ በር ላይ ምን እንዳሉኝ ልንገርሽ?» አሉ። «‹ሂካ፣ አራቱ ይኸውልህ። አምስተኛዋ ልጅቷ አፍ ውስጥ ናት፤ ጉንጯን ነክቼ አይቻለሁ። ባስተፋት ደንግጣ ትውጣታለች። ብሎን ይጎድላል እንጂ ልጅ አትጉደል። አንድ ነገር ፈርታ ነው፤ ራሷ ታመጣልሃለች። ስትመጣ እንዳትቆጣት› አሉኝ። ለእናትሽም እንዳልነግር አስማሉኝ፤ እንዳትመታሽ። እኔ ሽቦ ላስርበት እችል ነበር። ግን አደራ አለብኝ፤ አንቺን መጠበቅ።»

ከብርድ ልብሱ እጥፋት ውስጥ አንድ ነገር አወጡና መዳፌ ላይ አኖሩት። ማንኪያው፤ ያን ዕለት አባባ አብረው ሰጥተዋቸው ኖሯል።

ደጃፋቸው ላይ ተቀምጬ ጠመንጃውን ጭኔ ላይ አጋደምኩ። ክሩን ፈታሁና ጣቴ ላይ ጠመጠምኩት። ብሎኗን ቀዳዳዋ ላይ አቆምኳት፤ በጣቴ አስጀመርኳት፤ ከልቤ ወደ ወዲያኛው በኩል፣ ቀስ፣ ቀስ። ማንኪያው ሲበቃው ራሱ ተንሸራተተ። አንስቼ ጋሽ ሂካ ጆሮ አጠገብ ነቀነቅኩት።

«ሰሙ?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። «ምንም አልሰማሁም።»

«እሱን ነው የምልዎት» አልኩና አለቀስኩ።